የንስሐ አባት አላችሁ፤ ንስሐስ ገብታችኋል? ከኑዛዜ እስከ ምስክርነት

በብዙ ኦርቶዶክሳዊ ቤት የንስሐ አባት አለ። በዓል ሲሆን ይመጣሉ፣ ቤቱን ጠበል ይረጫሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ልጆቹን በመስቀል ባርከው ይሄዳሉ። ሰው ሲሞት ቀድመው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ዝክር ሲደገስ የመጀመሪያው ወንበር የእሳቸው ነው። ከቤቱ አዋቂዎች መካከል ግን ፊታቸው ቀርቦ «አባቴ፣ ይህን በድያለሁ» ያለ ማን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአያትየው ሌላ አይገኝም። ውጤቱ እሑድ ጠዋት ይታያል። በቅዳሴው «ንጹሕ የሆነ ከቁርባኑ ይቀበል» ሲባል ሕፃናትና አረጋውያን ወደፊት ይሰለፋሉ፣ በመካከል ያለው ጎልማሳ ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ባለበት ይቆማል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ባለበት ለሚቆመው ሰው ነው። ተጠምቋል፣ ይጾማል፣ ይሳለማል፣ የተናዘዘበት ቀን ግን የለም፤ ወይም ካለ ብዙ ዓመት አልፎታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ምሕረት ያገኘ ሰው ያገኘውን ለሌላው እንዴት እንደሚናገር እጨምራለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረግሁት በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ምክንያት ነው። ጌታ በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው ከፈወሰው በኋላ አብሮት እንዲሄድ አልፈቀደለትም፤ ወደ ቤተ ሰዎቹ ሄዶ ጌታ እንዴት ያለ ታላቅ ነገር እንዳደረገለትና እንዴት እንደማረው እንዲያወራላቸው ላከው። ሰውየው የተላከው ምሕረት ስላገኘ ብቻ ነው፤ ሌላ የሚያስተምረው ትምህርት አልነበረውም።

አፈጻጸሙ ከደብር ደብር፣ ከአባት አባት ጥቂት ይለያያል። እዚህ ያነበባችሁት ከራሳችሁ አባት ቃል ጋር ካልገጠመ የአባታችሁን ያዙ።

አንደኛ፦ አባት መያዝ

ኑዛዜ የሚቀበለው ካህን ነው፤ ቄስ፣ ቆሞስ ወይም ጳጳስ። ዲያቆን የማሰርና የመፍታት ሥልጣን የለውም። መነኩሴም ቅስና ካልተቀበለ ሊመክራችሁ ይችላል፣ ሊፈታችሁ ግን አይችልም። ሥልጣኑ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በደቀ መዛሙርቱ ላይ እፍ ብሎ የሰጠው ነው (ዮሐ. 20፥22-23)። ስለዚህ ባሕታዊ ነኝ ብሎ በየአደባባዩ የሚዞረው፣ ኃጢአታችሁን በቴሌግራም ላኩልኝ የሚለው፣ ወይም ገና አፋችሁን ሳትከፍቱ «አንተ እንዲህ አድርገሃል» እያለ የሚያስደነግጠው ሰው ከዚህ ጉዳይ ውጪ ነው።

የምታስቀድሱበት ደብር አገልጋይ ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ልታገኟቸው ትችላላችሁ፣ ስትጠፉም ይፈልጓችኋል። ባልና ሚስት አንድ አባት ቢኖራቸው ይመከራል። የሥጋ ዘመድ ወይም ከወላጅ አባታችሁ ጋር በየሳምንቱ ጽዋ የሚጠጡ ወዳጅ ከሆኑ ግን ምላሳችሁ ይታሰራልና ሌላ ፈልጉ። ዕውቀታቸው ከተመሰከረላቸው ነገር ግን ሰዓት ከሌላቸው ሊቅና ትዕግሥት ካላቸው ተራ የደብር ቄስ አንዱን ምረጡ ብባል እኔ ሁለተኛውን እይዛለሁ። ኑዛዜ መጀመሪያ የሚፈልገው ጆሮ ነው።

አጠያየቁ ቀላል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ክርስትና ወይም ወደ ሰንበቴ ሲጣደፉ መንገድ ላይ አታቁሟቸው። ጠጋ ብላችሁ «አባቴ ይፍቱኝ፤ የንስሐ ልጅዎ ሊያደርጉኝ ይችላሉ? መቼ ልምጣ?» በሏቸው። ቀን ይቀጥሯችኋል። ከዚህ በፊት ሌላ አባት ከነበሯችሁ ተደብቃችሁ አትቀይሩ፤ ምክንያቱን ተናግራችሁ እንዲያሰናብቷችሁ ጠይቁ። ያረፉ ወይም አድራሻቸው የጠፋ ከሆነ ይህንኑ ለአዲሱ አባት መንገር ይበቃል።

ሁለት ነገር ሳይድበሰበስ መባል አለበት። ንስሐ ዋጋ የለውም። ለድሃ መጽውቱ ሊባል ይችላል፣ ለመፍታት ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ግን ተነሡና የደብሩን አስተዳዳሪ አነጋግሩ። ሌላው ስለ ቦታ ነው፤ በተለይ ለእኅቶች። ኑዛዜ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ሰው ሊያያችሁ በሚችልበት ነገር ግን በማይሰማችሁ ሥፍራ ይሁን። የተዘጋ ክፍል፣ የግል ቤት፣ የምሽት ቀጠሮ አያስፈልገውም። ደገኛ አባት ይህን ሲሰሙ አይቀየሙም፤ አብዛኞቹ ራሳቸው አስቀድመው ይጠነቀቃሉ።

በስደት ያላችሁ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። በአሜሪካና በአውሮፓ አንድ ካህን የብዙ መቶ ሰው አባት ይሆናሉ። በዓረብ አገር ደግሞ ከአሠሪ ቤት ለመውጣት ፈቃድ የምታገኘው ስንት ናት? አገር ቤት ካሉት አባት ጋር በስልክ መመካከር ይቻላል፣ ብዙዎችም እንዲህ ነው የሚይዙት። ቢሆንም መስቀል ተደርጎ፣ ጸሎት ተደግሞ፣ «እግዚአብሔር ይፍታ» ተብሎ የሚፈጸመው በአካል ነውና መቼና የት በአካል እንደምትቀርቡ ከእሳቸው ጋር ተስማሙ።

ሁለተኛ፦ ጊዜውን መምረጥ

ንስሐ ወቅት አይጠብቅም፤ ዛሬ ከሆነላችሁ ዛሬ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ዐቢይ ጾምን ጠብቆ፣ ከዚያም የመጨረሻዋን ሳምንት ጠብቆ ይመጣና ይቸገራል። በሰሞነ ሕማማት ፍትሐት፣ ማለትም ካህኑ የሚፈታበት ጸሎት፣ የለም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት እንኳ ጸሎተ ፍትሐቱ በሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረጋል። በስቅለት ማምሻ በወይራ ቅጠል ተጠብጥቦ የሚሰጠውን ስግደት ከተሟላ ኑዛዜ የሚቆጥሩም አሉ። ካህኑ ፊት ሰልፍ ላይ ቆሞ በአንድ ዐረፍተ ነገር የዘመን ሸክም አይራገፍም።

የእኔ ምክር ጾመ ነነዌ ናት። ሦስት ቀን ናት፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ። ከነነዌ ሰኞ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ 14 ቀን አለ። በነነዌ ብትናዘዙ ቀኖናችሁን፣ ማለትም አባታችሁ የሚሰጧችሁን ጾም፣ ስግደትና ጸሎት፣ በሁዳዴው 55 ቀን ውስጥ ፈጽማችሁ ለፋሲካ ትቆርባላችሁ። ካህናቱም ያኔ ገና አልተጨናነቁም። ያ ካመለጣችሁ ፍልሰታ ሁለተኛዋ ምርጫ ናት፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ካህኑም ሕዝቡም ከቤተ ክርስቲያን ስለማይጠፋ አባታችሁን ማግኘት አይቸግራችሁም።

ሦስተኛ፦ ራስን መመርመር

ከቀጠሮው በፊት ጥቂት ቀናት ውሰዱ። ወረቀት ያዙ፤ ስልክ ላይ አትጻፉት፣ ስልክ ይጠፋል፣ ይከፈታል። ዘጸአት 20ንና ከማቴዎስ 5 እስከ 7 ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ ቆማችሁ «እኔስ?» በሉ። ለራሳችሁ ብቻ በሚገባ አጭር ቃል ጻፉት፤ ከኑዛዜው በኋላ ይቃጠላል።

ሰው ሁልጊዜ የሚያስታውሰው ዝሙትንና ስካርን ነው። እነሱን ማንም አይረሳቸውም። የሚረሱት ሌሎቹ ናቸው፤ የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ በየሰበቡ መቁረጥ፣ ሚዛን ማሳሳት፣ «ለሻይ» ተብሎ የተበላ ጉቦ፣ በውርስ ጊዜ የታናሽን ድርሻ ማሳነስ፣ ጠንቋይ ቤት ሄዶ ቆሎ ማስበተን፣ ክታብ ማሰር፣ ዓመታት የቆየ ቂም፣ በሐሜት የፈረሰ የሰው ትዳር። በዚህ ዘመን ደግሞ በፌስቡክና በቲክቶክ አስተያየት መስጫ ሥር ሰውን በዘሩ መሳደብ በዝቷል። ስም ሳይታወቅ የተጻፈ ስድብም ስድብ ነው። ጾም ላይ ሆኖ የጻፈውማ ሁለት ጊዜ ይቁጠረው።

ማቴዎስ 25ን ጨምሩ። እዚያ የተወቀሱት ክፉ ሠርተው ሳይሆን የሚገባውን ሳያደርጉ የቀሩ ናቸው፤ የተራበ አላበሉም፣ የታመመ አልጠየቁም። ያላደረጋችሁትም በወረቀቱ ላይ ይገባል።

የማይጻፍም አለ። ሌላው ሰው በእናንተ ላይ የፈጸመው ግፍ የእናንተ ኃጢአት አይደለም። በልጅነቷ የተደፈረች እኅት፣ የተደበደበ ልጅ «ይህን እናዘዛለሁ» ብለው ሲመጡ ያሳዝናል። ለአባታቸው እንደ ቁስል ይንገሩት፤ ምክርና ጸሎት ይገባቸዋል። ቀኖና ግን አይገባቸውም። ሐኪምም ካስፈለጋቸው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። አንድ ጊዜ ተናዝዛችሁ የተፈታችሁበትንም ደግማችሁ አትጻፉ። የተፈታን ኃጢአት በየዓመቱ እየቆፈሩ ማውጣት ትሕትና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ምሕረቱን አለማመን አለበት።

አራተኛ፦ የሰውን ለሰው መመለስ

ብዙ መመሪያዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ የንስሐ መፈተኛው እዚህ ይመስለኛል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ባስተናገደ ጊዜ ያለው ነገር ስለ ገንዘብ ነበር፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በሐሰት ከሰው የወሰደው ካለ አራት እጥፍ እንደሚመልስ (ሉቃ. 19፥8)። «ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

የሰረቃችሁትን ገንዘብ መልሱ። በአንድ ጊዜ ካልቻላችሁ በየወሩ ክፈሉ። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ ስጡ፤ ባለቤቱ ከነጭራሹ የማይታወቅ ከሆነ አባታችሁ ለድሃ እንድትሰጡት ሊነግሯችሁ ይችላሉ። አደራ በልታችሁ ከሆነ አደራውን፣ ስም አጥፍታችሁ ከሆነ ደግሞ ስሙን መልሱ። ስም መመለስ ከገንዘብ ይከብዳል። ያወራችሁላቸው ሰዎች ዘንድ ተመልሶ «ያልኩት ሐሰት ነበር» ማለትን ይጠይቃል፤ ሌላ መንገድ የለውም።

የተጣላችሁት ሰው ካለ ማቴዎስ 5፥23-24 ግልጽ ነው፤ መባው በመሠዊያው ፊት ይቆያል፣ ዕርቁ ይቀድማል። ራሳችሁ መሄድ ካቃታችሁ ሽማግሌ ላኩ፤ በዚህ በኩል አገራችን ደሃ አይደለችም። በደም የተፈላለጉ ቤተሰቦች እንኳ ካህናት መስቀል ይዘው፣ ሽማግሎች ድንጋይ ተሸክመው ሲያስታርቋቸው ኖረዋል። እናንተ ለምናችሁ እሱ እንቢ ካለ ግን የእናንተ ድርሻ ተፈጽሟል። ያለ እሱ ፈቃድ ንስሐችሁ አይታገድም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁሉም በደል ለተበዳዩ ወዲያው አይነገርም። ለትዳር አጋር ያልታመነ ሰው ከኑዛዜው በፊት ቤት ገብቶ ሁሉን ቢዘረግፍ ለራሱ ቀሎት ሌላውን ይሰብራል። እንዲህ ያለውን መጀመሪያ ለአባታችሁ ንገሩ፤ መቼ፣ እንዴት፣ ምን ያህል እንደሚነገር ከእሳቸው ጋር ወስኑ። በሕግ የሚያስጠይቅ ወንጀል ከሆነም ኑዛዜ ፍርድ ቤትን አይተካም፤ በተለይ እስከ ዛሬ የሚጎዳ ልጅ ወይም ሰው ካለ ያንን ማስቆም ይቀድማል።

አምስተኛ፦ የኑዛዜው ዕለት

ጾማችሁ ብትሄዱ መልካም ነው። መዝሙር 50ን ጸልዩ፤ «ተሣሃለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ» የሚለውን፣ ዳዊት ነቢዩ ናታን ከገሠጸው በኋላ ያለቀሰበትን። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ 51ኛው ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ የቁጥሩ ልዩነት አያስደንግጣችሁ።

ስትደርሱ መስቀል ተሳለሙ። አባታችሁ ጸሎት ያደርሳሉ። ከዚያ የእናንተ ተራ ነው። ከከባዱ ጀምሩ። በሐሜትና በመዘግየት ጀምራችሁ ዋናውን ለመጨረሻ ካስቀመጣችሁት ሰዓቱ ያልቃል፣ ድፍረቱም አብሮ ያልቃል። ምን እንዳደረጋችሁ፣ በግምት ስንት ጊዜ ወይም ለምን ያህል ዘመን፣ አሁንም የቀጠለ ከሆነ መቀጠሉን ንገሩ። ዝርዝር ታሪክ አያስፈልግም፤ በተለይ የሥጋ ኃጢአት በስሙ ይጠራል እንጂ አይተረክም። አባታችሁ ያልገባቸው ካለ ይጠይቃሉ።

«ጓደኞቼ አሳሳቱኝ»፣ «እሱ ባያስቆጣኝ ኖሮ» አትበሉ። አዳም «የሰጠኸኝ ሴት» ያለው ይበቃናል። የሌላ ሰው ስምም አታንሡ፤ እናንተ ልትፈቱ ሄዳችሁ ሌላውን አታስሩ። ቃል ከጠፋባችሁ ወረቀታችሁን አንብቡ፣ ወይም «አባቴ ማፈሬ ከልክሎኛል፤ ይጠይቁኝ» በሏቸው። የሰው ደካማነት በዓይነት ብዙ አይደለምና ለእናንተ አዲስ የሆነው ለካህን አዲስ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሰሙትንም ለማንም፣ ለባለቤታቸውም ቢሆን፣ የማውጣት መብት የላቸውም።

ዕንባ ካልመጣ አትጨነቁ። ዕንባ ስጦታ ነው፤ መመዘኛ አይደለም።

ስድስተኛ፦ ቀኖና

ከሰሙ በኋላ ቀኖና ይሰጣሉ፤ ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት፣ ወይም ከእነዚህ የተቀላቀለ። ለአንዱ 7 ቀን ለሌላው ደግሞ ወራት የሚሆነው እንደ በደሉና እንደ አቅሙ ነው፤ ስለዚህ ከሰው ጋር አታወዳድሩ። በስንት ስግደት እንደተፈታችሁ በሻይ ላይ መነጋገሪያ አታድርጉት።

አቅማችሁን አትደብቁ። የስኳር ሕመም፣ ጨጓራ፣ እርግዝና፣ የወገብ ሕመም፣ የሌሊት ፈረቃ ሥራ ካለባችሁ እዚያው ተናገሩ፤ ጾሙ ወደ ጸሎት፣ ስግደቱ ወደ ምጽዋት ይለወጣል። ዝም ብሎ ተቀብሎ መተው ከሁሉ የከፋ ነው። ስግደት ቅዳሜና እሑድ፣ በታላላቅ በዓላት፣ በቆረባችሁበት ዕለት፣ እንዲሁም ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ አይሰገድም፤ በእነዚህ ሃምሳ ቀናት የረቡዕና የዓርብ ጾምም የለም። ቀኖናችሁ በመካከሉ ከተቋረጠ ከበዓሉ በኋላ ትቀጥሉታላችሁ። ጸሎት ላይ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትሉ መቁጠሪያ ያዙ፤ አለበለዚያ አእምሮ ቁጥር ሲፈልግ ምሕረት መለመኑን ይረሳል።

ቀኖናን እንደ ዕዳ ክፍያ የሚያዩት ብዙ ናቸው፤ ይህን ያህል ስግደት ለይህን ያህል ኃጢአት ማለት ነው። እንዲህ ቢሆን ኖሮ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ምን በከፈለ ነበር? እጁም እግሩም ተቸንክሯል፣ መስገድ አይችልም፣ መመጽወት አይችልም። «አስበኝ» አለ፤ በዚያው ቀን ገነት ገባ። ቀኖና ከስብራት በኋላ ወጌሻው የሚያስረው ጨርቅ ነው፤ አጥንቱን የሚገጥመው የታሰረበት ጊዜና የእግዚአብሔር ኃይል ነው፣ ጨርቁን ቶሎ የፈታ ግን ያነክሳል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ምሕረትን እንደ ርካሽ ነገር የሚይዙ አሉ። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይነገራል፤ 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ባጠጣው ጥርኝ ውኃ ምሕረት ማግኘቱ። ይህን ሰምቶ «እንግዲህ እኔም በእርጅናዬ ጥርኝ ውኃ አላጣም» የሚል ሰው ታሪኩን ገልብጦ ይዞታል። ታሪኩ የሚነገረው ተስፋ ለቆረጠ ሰው እንጂ ቀጠሮ ለሚያራዝም አይደለም።

ሰባተኛ፦ ፍትሐትና ቁርባን

ቀኖናችሁን ስትጨርሱ ወደ አባታችሁ ተመለሱ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል፤ ቀኖናውን ፈጽሞ በዚያው ይቀራል። እሳቸው ጸሎተ ፍትሐት ያደርሱላችኋል፣ ለቁርባንም ይፈቅዱላችኋል። ከቁርባን በፊት ስንት ሰዓት እንደሚጾም ጠይቁ፤ በአብዛኛው 18 ሰዓት ነው። ባለትዳሮች አስቀድመውም ከዚያም በኋላ ስለሚጠብቁት ቀን ይጠይቁ። ነጭ ልብስ፣ ነጠላ፣ ከኪዳን ወይም ቢያንስ ከቅዳሴው መጀመሪያ መገኘት። ሲያልቅ ለመድረስ የሚሮጥ ቆራቢ አትሁኑ።

ብዙዎችን የሚያስቀረው የትዳር ጉዳይ ነው። በሰማንያ ወይም በማዘጋጃ ቤት ተጋብተው ልጆች ያፈሩ፣ «እኛማ በተክሊል አልተጋባንም፣ አይቻልም» ብለው ተስፋ የቆረጡ ብዙ ባልና ሚስቶች አሉ። ይቻላል። ተክሊል በድንግልና ላሉ ነው፤ ለሌሎች ጸሎተ መዓስባን አለ። ሁለቱ አብረው ንስሐ ገብተው አብረው ይቆርባሉ፤ ትዳራቸውም በቁርባን ይጸናል። ችግር የሚሆነው አንዱ ፈቅዶ ሌላው እንቢ ሲል ነው። ያኔ ፈቃደኛው ለብቻው ወደ አባቱ ይሂድ፤ ንስሐውን ይጀምር፤ ሌላውን በመጎተት አይዋጋ። ትዳር ሳይኖር አብሮ መኖር ላይ ላሉ ደግሞ አባታችሁ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ መጋባት ወይም መለያየት። መሃል መንገድ የለውም።

ስምንተኛ፦ እንደገና ስትወድቁ

ትወድቃላችሁ። የተናዘዛችሁበትን ያንኑ ኃጢአት ልትደግሙ ትችላላችሁ፤ ሰይጣንም በዚያ ሌሊት «አሁን በምን ፊትህ ትመለሳለህ?» ይላል። ጌታ በተያዘባት በአንዲት ሌሊት ሁለት ሐዋርያት በደሉት። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፣ ይሁዳ ሸጠ። ሁለቱም ተጸጸቱ፤ ይሁዳ እንዲያውም ብሩን መልሷል፣ «ንጹሕ ደም አሳልፌ ሰጥቼ በደልሁ» ብሏል። ግን ወደ ጌታ አልተመለሰም፤ ጸጸቱን ይዞ ለብቻው ወጣ። ጴጥሮስ አልቅሶ ወደ ወንድሞቹ ተቀላቀለ፤ በገሊላ ባሕር ዳርም ተገኘ።

ስለዚህ በወደቃችሁ ሳምንት ደውሉ። ወር ካለፈ ሃፍረቱ ይደድራል። የሚደጋገም ከሆነ ከአባታችሁ ጋር መንገዱን እዩ፤ በየትኛው ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው ስልክ። መጠጥ፣ ጫት ወይም ቁማር ሱስ ሆኖ ከያዘ ከቀኖናው ጎን ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ይህን ማለት የእምነት ማነስ አይደለም።

ዘጠነኛ፦ ለሌላው መናገር

አሁን ወደ ማርቆስ 5 ሰው እንመለስ። የተላከው ወደ ቤተ ሰዎቹ ነው። ለምን? ሰንሰለት ሲበጥስ ያዩት እነሱ ናቸው፤ ለውጡንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የእናንተም ቤት እንዲሁ ነው። ሚስትህ ለውጥህን ሳታይ ለጎረቤት ስለ ምሕረት ብትሰብክ ማንም አይሰማህም፤ እሷ ደግሞ ትስቃለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚናገረው የተመለሰው ገንዘብ፣ የተከፈለው የሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የታረቃችሁት ወንድም ነው። ሰው «ምን ነካህ?» ብሎ ሲጠይቅ ያኔ አፋችሁን ክፈቱ።

ሲጠየቅ የሚባለው አጭር ይሁን፤ «ብዙ ጊዜ ሸሽቼ ነበር፤ ተናዘዝሁ፣ ቆረብሁ፣ ቀሎኛል። አባታችን ጥሩ አድማጭ ናቸው፣ ከፈለግህ አስተዋውቅሃለሁ።» ከዚህ በላይ አትሂዱ። የተናዘዛችሁትን ኃጢአት በዝርዝር መተረክ፣ ያውም እንደ ጀብድ፣ በካሜራ ፊት፣ ለሰሚው አይጠቅምም። በኃጢአታችሁ የተጎዱም ሰዎች አሉ፤ ታሪኩ የእነሱም ነው፣ አላስፈቀዳችኋቸውም።

«አትፍረዱ» በሚለው ላይ ሙሴ ጸሊምን አስቡ። ወንበዴ የነበረ፣ በግብጽ አስቄጥስ ገዳም የመነኰሰ፣ በሰኔ 24 የምናስበው ጥቁሩ ሙሴ። አንድ ወንድም ስለበደለ ሸንጎ ተጠራ፤ ሙሴ በሚያፈስ ዕቃ ውኃ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፣ ዛሬ ግን በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። አዲስ ንስሐ የገባ ሰው ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት የመንደሩ ሁሉ ዳኛ ይሆናል። ቀሚስ ይለካል፣ የሰው ጾም ይቆጥራል፣ ልቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ሲኦል ያወራል። ሐዘን ላይ ያለን ሰው አጽናኑ፤ ትምህርቱ ይቆይ።

ከሌላ እምነት ወገን ጋር ስትነጋገሩስ? በአገራችን አንድ ቤት ውስጥ ኦርቶዶክስ እናት፣ ፕሮቴስታንት ልጅ፣ ሙስሊም አማች መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ ሁሉ ለመመለስ ተዘጋጁ ይላል፤ «በየዋህነትና በፍርሃት» የሚለውንም አክሎ (1ጴጥ. 3፥15)። ሲጠይቁ ነው የሚለው። በበዓል ማዕድ ላይ ክርክር ከፍቶ ቤተሰብ መበተን ምስክርነት አይደለም። በባሕረ ሰላጤ አገሮች ለምትሠሩ ደግሞ ይህ የሕግ ጉዳይም ነው፤ ሙስሊሞችን ወደ ሌላ እምነት መጋበዝ በሕግ የሚያስጠይቅበት አገር አለ። እዚያ ለሚገኙ እኅቶች የራሳቸው ወገን በቂ መስክ ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ከሚያድሩት መካከል ዓመታት ቤተ ክርስቲያን ያልረገጠች አትጠፋም።

ጓደኛችሁ እሺ ካለ አብራችሁ ሂዱ። ብዙ ሰው የሚቀረው ካለማመን ሳይሆን የት ቆሞ ማንን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ካለማወቅ ነው። ቀን ያዙለት፣ አባታችሁን አስቀድማችሁ አሳውቁ፣ በቀኑ ቀስቅሱት፣ ታክሲ አብራችሁ ተሳፈሩ። ከአባታችሁ ጋር ካገናኛችሁት በኋላ ከጆሮ ርቃችሁ ጠብቁት። ሲወጣ ምን እንዳለ፣ ምን እንደተባለ፣ ስንት ስግደት እንደተሰጠው አትጠይቁት። ምሳ ጋብዙት፤ ጾም ከያዘ ደግሞ እስኪፈታ ጠብቁ። በሚቀጥለው እሑድ ቢቀር አንድ ጊዜ ደውሉ፤ ሁለተኛውን ጥሪ ለንስሐ አባቱ ተዉላቸው።